ከወይራ ዘይት እስከ አኩሪ አተር ሰም፦ የቤተ ክርስቲያን መብራት ከምን ሲሠራ ኖረ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወጣቶቻችን መካከል በቤታቸው ሻማ መሥራትን እንደ እጅ ሙያም እንደ መዝናኛም የያዙ አሉ። ሰሙ ከአኩሪ አተር ዘይት የተገኘ ነጭ ቅንጣት ነው። በኪሎ ይገዛል፣ በሙቅ ውኃ ላይ ይቀልጣል፣ ክር በቆመበት ብርጭቆ ውስጥ ይፈስሳል፣ በነጋታው ሻማ ሆኖ ይገኛል። ሥራው ቀላል፣ ውጤቱም ያማረ ስለ ሆነ ከሠሪዎቹ ዘንድ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይህን በእጄ የሠራሁትን ሻማ በቤቴ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ላብራውን? ለስለትስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልውሰደውን?

ለመቅደስ የሚገባውንና የማይገባውን የሚወስኑ ካህናት አባቶች ናቸውና ይህ ጽሑፍ በዚያ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ጥያቄውን በአግባቡ ለመጠየቅ እንኳ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የምናበራው ብርሃን ከምን ሲሠራ ኖረ? ጧፍ ከመቼ ጀምሮ የእኛ ሆነ? አኩሪ አተርስ በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከየትኛው ወገን ይመደባል? መልሱ ብዙዎቻችን ከምንጠብቀው ለየት ይላል።

በብሉይ ኪዳን ሻማ የለም

በኦሪት የታዘዘው መብራት የዘይት መብራት ነው። ሙሴ ከንጹሕ ወርቅ ያሠራው መቅረዝ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው ሲሆን (ዘፀ. 25፥31–40) በላዩ የተቀመጡት መብራቶች የሚጠጡት ለዚሁ ተብሎ የተወቀጠ ጥሩ የወይራ ዘይት ነበር (ዘፀ. 27፥20፤ ዘሌ. 24፥2)። ተወቅጦ የሚወጣው የመጀመሪያው ዘይት አተላው ጥቂት ስለ ሆነ ጢሱም ጥቂት ነው። ትእዛዙ የዘይቱን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የአወጣጡን ሥርዓት ጭምር መለየቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰም በቅዱሳት መጻሕፍት ሲጠቀስ ግን ለመብራትነት አይደለም። መዝሙረኛው በእሳት ፊት ቀልጦ ለሚጠፋ ነገር ምሳሌ ያደርገዋል (መዝ. 67፥2)፤ በሌላም ቦታ የልብን መቅለጥ ይገልጥበታል (መዝ. 21፥14)። ነቢዩ ሚክያስም ተራሮች በእግዚአብሔር ፊት የሚሆኑትን ሲናገር ሰምን ያነሣል (ሚክ. 1፥4)። በሐዲስ ኪዳንም ነገሩ ከዚህ አይለይም። የዐሥሩ ደናግል መብራት በዘይት የሚነድ ነው፤ ምሳሌውም ያለ ዘይቱ ምሳሌ መሆኑ ይቀራል። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሲያስተምር በሰገነቱ ላይ ብዙ መብራት እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል (የሐዋ. 20፥8)፤ እነዚያም በዘመኑ ልማድ የዘይት መብራቶች እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ሰም መቼ ገባ? የሮም ሰዎች የሰም ሻማን ቀደም ብለው ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መኖሩን በግልጽ ከሚመሰክሩት አንዱ የሐዋርያት ቀኖና በሚባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እስከ 4ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ተጠናቅሮ የነበረው ይህ ስብስብ ከቅድስት ቤተ ክርስቲያን ሰም ወይም ዘይት የወሰደ ሰው፣ ካህንም ይሁን ምእመን፣ ከአንድነት እንዲለይና የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ እንዲመልስ ያዝዛል። የሕጉን ጥብቀት ለጊዜው እንተወውና ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መጠራታቸውን ልብ እንበል። ዘይትና ሰም በአንድ ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም የሚሰረቁ ያህል ውድ ነበሩ።

በዚያው ዘመን ኤገርያ የምትባል ከምዕራብ የመጣች ተሳላሚ በኢየሩሳሌም ቆይታ (ጉዞዋ እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 እንደ ተደረገ ይታሰባል) ያየችውን የጸሎት ሥርዓት በደብዳቤ አስፍራለች። በየዕለቱ በዐሥር ሰዓት፣ ማለትም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሕዝቡ በትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል፤ መብራቱና ጧፉ ሁሉ ይለኮሳል፤ ብርሃኑም እጅግ ብዙ ይሆናል። ከጻፈችው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው እሳቱ የመጣበት ቦታ ነው። ከውጭ አይገባም፤ ሌሊትና ቀን መብራት ከማይጠፋበት ከመቃብሩ ዋሻ ውስጥ ይወጣል እንጂ። ዛሬ በቀዳም ሥዑር በዚያው ስፍራ ሠላሳ ሦስት ጧፍ በአንድነት አስረው የሚቆሙ ተሳላሚዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ እሳቱ ከመቃብሩ እስኪወጣ ይጠባበቃሉ። ኤገርያ ካየችው ዕለታዊ ሥርዓት ጋር ዝምድናው እንዴት እንደ ሆነ ለሊቃውንት ክርክር እንተወው፤ ቦታው ግን ያው ነው፣ እሳቱም የሚወጣበት አቅጣጫ ያው ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ406፣ ቪጊላንትዮስ የሚባል በጋልያ የነበረ ካህን ተቃውሞ አነሣ። ፀሐይ እያበራች ሻማ ማብራት የአሕዛብ ልማድ ነው፣ ምንም አይረባም አለ። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ጀሮም በቁጣ መለሰለት። በመልሱ ውስጥ ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሰጠው ምስክርነት ለእኛ ውድ ነው፦ ወንጌል ሲነበብ ፀሐይ ወጥታም ቢሆን መብራት ይበራል፤ ይህም ጨለማን ለማራቅ ሳይሆን ደስታን ለመግለጥ ነው። ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ በቀን ብርሃን ጧፍ ይዞ ሲቆም ያየ ሕፃን “መብራት አለ አይደል፣ ለምን ያበራሉ?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው 1,600 ዓመት ያለፈው መሆኑን ልንነግረው እንችላለን።

ዘይት እያለ ሰም ለምን አስፈለገ? በጸሐፊው አስተያየት ዋናው ምክንያት እግር ነው። የዘይት መብራት የሚቀመጥ ወይም የሚሰቀል ነገር ነው፤ ይዘውት ሲሄዱ ይፈስሳል፣ ልብስ ያበላሻል። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ግን የሚንቀሳቀስ ጸሎት ነው። ዑደት አለ፣ ወንጌል ሲወጣ አጀብ አለ፣ ሌሊት ወደ መቃብር ሥፍራ የሚደረግ ጉዞ አለ። በእጅ የሚያዝ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም የሚመች መብራት የሰም መብራት ብቻ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ንጽሕናው ነው፤ ጥሩ ሰም ሲነድ የማር መዓዛ እንጂ የስብ ሽታ የለውም። ስለ ንብ ድንግልናዊ ሕይወትና ስለ ሰም ምሳሌነት በኋላ ዘመን የተነገረው ትርጓሜ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ አስቀድሞ በነበረ ልማድ ላይ ይመስላል።

በነገራችን ላይ ሰም በብርሃንነት ብቻ አላገለገለም። በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም የሚገኘው የ6ኛው መቶ ዓመት የጌታችን ሥዕል ቀለሙ ከንብ ሰም ጋር ቀልጦ የተቀባ ነው። ከጥንታውያን ሥዕሎች ሁሉ ሳይደበዝዝ የቆየልን አንዱ በሰም የተሣለ መሆኑ፣ ያውም ሰም በእሳት ፊት የሚጠፋ ነገር ምሳሌ ከመሆኑ ጋር፣ ያስገርማል።

የማር አገር መብራት

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ መልኩ ይለወጣል። በደጋው ወይራ አለ፤ ለዕጣንና ለእንስራ ማጠኛ የሚሆን፣ እንጨቱም ጠንካራ የሆነ ወይራ። ፍሬው ግን ደቃቅ ስለ ሆነ እንደ ምድረ እስራኤሉ ዘይት አይጨመቅበትም። ኑግና ተልባ ዘይት ቢሰጡም የቤተ ክርስቲያናችን መብራት በዋናነት ያረፈው በሌላ በረከት ላይ ነው፤ በንብ ላይ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬም በማርም በሰምም ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት በአገራችን የቆየው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማሩን ብዛትና ሰዉ መብራቱን ከሰም ይሠራ እንደ ነበር በመጽሐፉ አንሥቷል። ሞራ ይነድበት ከነበረው ከአውሮፓ ቤት ለመጣ ሰው ይህ መታየት ያለበት ነገር ነበር። በ19ኛውም መቶ ዓመት በምጽዋ ወደብ ወደ ውጭ ከሚላከው ሸቀጥ አንዱ ሰም ነበር። የቅዱስ ላሊበላ ስም እንኳ በልደቱ ጊዜ ንቦች ከበውት ከመታየታቸው ጋር ተያይዞ በገድሉ መተረጎሙ ይህች ምድር ለንብ ያላትን ቦታ ያሳያል።

ቃሉን ራሱን እንመልከት። በግእዝ ሰምዕ፣ በአማርኛ ሰም የምንለው ቃል ከዐረብኛው ሸምዕ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ሻማ የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ዞሮ ወደ እኛ የገባ ያው የሰም ዘመድ ነው። ስለዚህ በቋንቋው ሚዛን “የሰም ሻማ” ማለት ሰምን በሰም ላይ መደረብ ነው፤ “የአኩሪ አተር ሻማ” ስንል ደግሞ ሳናውቀው የንቡን ስም ለባቄላው ዘመድ አውሰንዋል። የራሳችን ስም ጧፍ ነው። የቅኔው ሰምና ወርቅም ከዚሁ ቤት የወጣ መሆኑን አንርሳ። አንጥረኛ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈስሳል። ባለቅኔው ሰም ያለው ያንን ነው፦ ቅርጽ ሰጥቶ የሚወጣውን።

ሰሙ ከየት ይገኝ ነበር? ብዙ አንባቢ ከማር ቆራጭ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጠጅ ቤትም ጭምር ነው። በአገራችን የሚመረተው ማር አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ማሩ ከነእንጀራው ተበጥብጦ ሲጣል ሰፈፉ በላይ ይንሳፈፋል። ያ ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ ታጥቦ፣ ፈልቶና ተጣርቶ ንጹሕ ሰም ይሆናል። በአንድ በኩል የግብር አዳራሹ መጠጥ፣ በሌላ በኩል የመቅደሱ መብራት ከአንድ ጋን ይወጡ ነበር ማለት ነው።

ንቢቱ ለዚህ ሰም የምትከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሰሙ ከወጣት ሠራተኛ ንቦች ሆድ ሥር ካሉ ስምንት ዕጢዎች በቀጭን ቅርፊት መልክ ይወጣል። አንድ ኪሎ ሰም ለማውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ ማር እንደሚበሉ ብዙ ጊዜ ይገመታል። ዘመናዊ ቀፎ የተፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ማሩ በመሣሪያ ተሽከርክሮ ይወጣና ባዶው እንጀራ ወደ ቀፎው ይመለሳል፤ ንቦቹም ሰም በመሥራት ፈንታ ማር ያከማቻሉ። ከባህላዊው ቀፎ ከሚቆረጠው ማር በክብደቱ ከመቶ እስከ ዐሥር የሚደርስ ሰም ሲገኝ ከዘመናዊው የሚገኘው ከአንድ ወይም ከሁለት እጅ አይበልጥም። የገበሬው ገቢ በማር ማደጉ መልካም ነው። ያው ለውጥ ግን ጧፍ ከምትሸጠው እናት እጅ ሰም እንዲርቅ ማድረጉን ማንም ሲናገር አልሰማንም።

ሞራ፣ ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ

በምዕራብ አውሮፓ የሰም ሻማ የመቅደስና የቤተ መንግሥት ነበር፤ ሌላው ሕዝብ የከብትና የበግ ሞራ ያነድ ነበር። ሞራው ይጤሳል፣ ይከረፋል፣ በየጊዜው ክሩን መቁረጥ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ በለንደን የሞራ ሻማ ሠሪዎችና የሰም ሻማ ሠሪዎች በሁለት ማኅበር ተለያይተው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ በ1462፣ ሁለተኞቹ በ1484 የንጉሥ ፈቃድ ተቀብለዋል (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በሩሲያ ደግሞ ቀዳማዊ አሌክሳንደር በ1808 የቤተ ክርስቲያን ሻማን በችርቻሮ የመሸጥ መብት ለአብያተ ክርስቲያናት ብቻ ሰጠ፤ ገቢውም ለመንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች ዋለ። ሻማ ካህናትን ያስተማረበት ዘመን ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከኬሚስቶች ቤት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል ስብ ከምን እንደ ተሠራ ለብዙ ዓመታት መርምሮ በ1823 ውጤቱን አሳተመ። ስብ ውስጥ ፈሳሹንና ጠጣሩን ክፍል መለየት እንደሚቻል አሳየ፤ ጠጣሩ ስቴሪን የሚባለው ነጭ፣ ጠንካራና የማይከረፋ ሻማ ሆነ። በ1850 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ ከድንጋይ ከሰል ፓራፊን የማውጣት ዘዴ አስመዘገበ፤ በ1859 በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር ደግሞ ፓራፊን እንደ ልብ ተገኘ። የሻማ ዋጋ ወደቀ። ማይክል ፋራዴይ በ1860 መጨረሻ ለወጣቶች ስለ ሻማ ስድስት ተከታታይ ትምህርት ሲሰጥ በጠረጴዛው ላይ የንብ ሰሙም፣ ስቴሪኑም፣ ፓራፊኑም ጎን ለጎን ነበሩ።

ዛሬ በሱቅ ተደርድሮ የምናየው ነጭ ሻማ በአብዛኛው የነዚህ የኋለኞቹ ልጅ ነው። አንዳንዱ የነዳጅ ተረፈ ምርት ነው፤ አንዳንዱ ከዘንባባ ዘይት፣ አንዳንዱም ከእንስሳት ሞራ የተገኘ ስቴሪን ይጨመርበታል። በጾም ወራት የወጡን ቅባት እንኳ የምንመረምር ሰዎች የሻማውን ቅባት አለመጠየቃችን ትንሽ ያስገርማል። ይህ ሕግ ማውጣት አይደለም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። በጧፍም ላይ ቢሆን ችግሩ አለ። በአገራችን ገበያ የንብ ሰም ከፓራፊንና ከሞራ ጋር ተደባልቆ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። ንጹሑ ሰም የማር መዓዛ አለው፤ ሲሰበር ስብራቱ ቅንጣት ቅንጣት ያለው ነው፤ በእጅ ሙቀት ሲታሽ ይላላል እንጂ ጣትን አያቀባም። የሚያዳልጥና ቅባት የሚተው ከሆነ የንብ ብቻ አይደለም።

አኩሪ አተር ከየትኛው ወገን ነው?

የአኩሪ አተር ሰም ዕድሜው አጭር ነው። አኩሪ አተር ራሱ ከቻይና የተነሣ ጥንታዊ ሰብል ነው፤ በእኛም አገር በፓዌና በምዕራቡ ቆላ ይመረታል። ከፍሬው ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ ዘይት ነው። ዘይቱ ግን ፈሳሽ ስለ ሆነ ለሻማ አይሆንም ነበር። መንገዱን የከፈተው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ነው፤ በ1902 ፈሳሽ ዘይት ላይ በኒኬል አጋዥነት ሃይድሮጅን በመጨመር ዘይቱን ጠጣር የማድረግ ዘዴ አስመዘገበ። የዳቦ ቅቤ የምንለው ማርጋሪንም ለረጅም ጊዜ ሲረጋ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ከዚያ እስከ ሻማው ዘጠና ዓመት ገደማ አለፈ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት የሻማ ሥራ የነበረው ማይክል ሪቻርድስ ከንብ ሰም የሚረክስ፣ ከነዳጅም ያልሆነ ሰም ሲፈልግ በአካባቢው እርሻ ወደ ሞላው አኩሪ አተር መጣ። በዚህ የተነሣ የአኩሪ አተር ሻማ ጀማሪ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ባሕርይውን ያወቀ ሰው የታሪክ ቦታውንም ያውቃል። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በዕቃ ውስጥ የሚፈስሰው የአኩሪ አተር ሰም ከ46 እስከ 57 ባለው መካከል ይቀልጣል። ለስላሳ ነው፤ በጣት ይጫናል፤ እንደ ጧፍ ቀጥኖ ሊቆም አይችልም። በእጅ ቢያዝ በመዳፍ ሙቀት ይላላል፣ ቢታጠፍ ይሰበራል። ስለዚህ ብርጭቆ የግድ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ምንድን ነው? ከዕፅ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት፣ በዕቃ ውስጥ የተቀመጠ፣ በመካከሉ የጥጥ ክር የቆመበት። ይህ ሻማ ከመባል ይልቅ ቀንዲል ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ሲነድም በክሩ ዙሪያ ቀልጦ ዘይት ይሆናል፣ ክሩም ያንን ዘይት ይጠጣል። የዘመኑ ገበያ አዲስ ብሎ ያመጣው ነገር በአሠራሩ ለጧፍ ሩቅ፣ ለኦሪቱ የዘይት መብራት ግን ቅርብ ዘመድ ነው።

ከዚህ የተነሣ የወጣቶቹ ጥያቄ በከፊል ራሱን ይመልሳል። ዲያቆን በወንጌል ፊት የሚይዘውን፣ ምእመናን በትንሣኤ ሌሊት በእጃቸው የሚያበሩትን ጧፍ የአኩሪ አተር ሰም ሊተካው አይችልም፤ ተፈጥሮው አይፈቅድለትምና። በቤት ውስጥ ለጸሎት በሥዕል ፊት በብርጭቆ የሚቀመጥ መብራት ከሆነ ግን ለነገሩ የተመቸ ነው፤ በተለይ በኪራይ ቤት ለሚኖሩና ነበልባሉ በብርጭቆ እንዲጠበቅ ለሚፈልጉ። ብዙ ሻጮች “ጢስ የለውም” ማለታቸውን ግን አንቀበልም። ክር ያለው ነበልባል ሁሉ ጥላሸት ያወጣል፤ የክሩ ርዝመትና ነፋሱ ነው መጠኑን የሚወስነው። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎች በጢስ መጥቆራቸውን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ እነዚያን ካጠቆሯቸው መብራቶች ውስጥ ንጹሕ የንብ ሰምም ነበረበት።

ለመሥራት ለሚሹ ጥቂት ነገር እንበል። ሰሙ በቀጥታ በእሳት ላይ አይጣድም፤ ውኃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ ይቀመጥና በዚያ ይቀልጣል። የሙቀት መለኪያ ይኑራችሁ፤ ከ75 እስከ 85 ዲግሪ በቂ ነው። ወደ 55 ወይም 60 ሲወርድ ክሩ በመካከል ተጣብቆ በቆመበት ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ብርጭቆው አስቀድሞ ለብ ያለ ይሁን። ሽቱ የሚጨምሩ አሉ፤ ለጸሎት መብራት ግን አያስፈልግም፣ ዕጣን አለን። በላዩ ነጭ ውርጭ የመሰለ ነገር ቢወጣበት አትደንግጡ፤ የዘይቱ ባሕርይ ነው። ከሳምንት በኋላ ስታበሩት መጀመሪያ ላይ ቀልጦ እስከ ብርጭቆው ጠርዝ እስኪደርስ ድረስ አታጥፉት፤ አለዚያ በመካከሉ ጉድጓድ እየሠራ ይወርዳል። በከፍተኛ ሙቀት ሰም እሳት ከያዘ ውኃ ፈጽሞ አይደፋበትም፤ ክዳን ይደፋበታል፣ ምድጃውም ይጠፋል። ብርጭቆው በመጋረጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ማንም በሌለበት ቤትም አይንደድ።

ጧፍ መሥራት የሚሻ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ያም መንገድ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ላለ ሰው ክፍት ነው፣ ሰፈፍ ወይም ንጹሕ የንብ ሰም እስከ ተገኘ ድረስ። ሰፈፉ በውኃ ታጥቦ ማሩና ቅራሪው ይወጣለታል። ከዚያ በብዙ ውኃ ውስጥ በለዘብታ እሳት ይፈላል። የብረት ወይም የመዳብ ድስት ሰሙን ያጠቁረዋልና የማይዝግ ዕቃ ይመረጣል፤ የዝናም ውኃ ከተገኘ ይበልጣል። ሲቀልጥ በጨርቅ ተጨምቆ ይጣራል፣ ሳይነካም እስኪረጋ ይተዋል። ሰሙ በውኃው ላይ እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ ይጠነክራል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። ጥራቱ ካልበቃ ደግሞ ይፈላል። ፈትሉ የጥጥ ይሁን፤ ሁለትና ሦስት ተደርቦ ይከረራል። በቀለጠው ሰም ይነከራል፣ ተጎትቶ ይወጣል፣ ተሰቅሎ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ገና ይነከራል። ከጥቂት ንክር በኋላ ገና ለብ ሳለ በለስላሳ ሳንቃ ላይ በመዳፍ ይንከባለላል፤ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሚሆነው በዚህ ነው። የቤት ውስጡ ሰም ከቀዘቀዘ ወፍራምና ጎርባጣ ይሆናል፣ ከተቃጠለም መዓዛውን ያጣል፤ እሳቱን የሚጠብቅ ሰውና የሚነክር ሰው ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።